ገጽ የማይገልጠው አንባቢ

ጥቅምት ፯ ቀን

ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ጕልበቴ ከደረጃ ጋር ከመኳረፉ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አርሜዋለሁ፤ ነገር ግን እርማቱን አልልክልሽም። ባለፈው ጊዜ በቀይ ቀለም አርሜ ብመልስልሽ ስንት ወር እንዳኮረፍሽ አልዘነጋሁም።

ለጥያቄዎችሽ በተራ እመልሳለሁ። አዎን፣ በሰዓቱ እበላለሁ። አይደለም፣ ስልኩን መልሼ አላስገባም። በስልክ የተነገረ ቃል ከነስሕተቱ ይቀራል፤ ዕድሜውን በማተሚያ ቤት በአራሚነት የፈጀ ሰው ይህን ሊታገሥ አይችልም። ጎረቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫማዬን ወልውዬ እንደምወጣ ነግራሽ ኖሮ፣ «በዚህ ዕድሜዎ ሙሽራ ሊሆኑ ነው እንዴ?» ብለሽ ቀልደሻል። ቀልዱን አልፌዋለሁ። የምሄደው ወደ ማኅበር ነው። የዝምታ ንባብ ማኅበር ይባላል።

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለው ክፍል ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበር። ፎቶ አንሺው ከሞተ ወዲህ ሚስቱ ካሜራዎቹን ሸጠው ወንበሮቹን አስቀሩ። አሁን በየሳምንቱ ጥቂት ሰዎች እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ማን ምን እንደሚያነብ እንዳይታወቅ መጽሐፉን በጋዜጣ መሸፈን ግዴታ ነው። ወይዘሮዋ ትንሿን ደወል ይመታሉ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደወሉ ዳግም እስኪመታ ድረስ ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ሲያበቃም «ምን አነበብህ? ምን ተሰማህ?» የሚል የለም። ኮታችንን ለብሰን እንበታተናለን።

እኛ በተማርንበት ዘመን ዝም ብሎ ማንበብ እንደ ማንቀላፋት ይቈጠር ነበር። መምህራችን አለንጋቸውን ይዘው ከኋላችን እየተመላለሱ፣ «ድምፅህ ካልተሰማኝ አእምሮህ ተኝቷል» ይሉ ነበር። ጮኸን አነበብን፤ ጮኸን አደግን። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰው ስሕተት ስፈልግ ዓይኔ ፈዘዘ። አሁን በስተርጅና፣ በሰው መካከል ተቀምጬ፣ የሚያርመኝም የማርመውም ሳይኖር ለራሴ አነባለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ በዓለም ላይ መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሰዎቹን በገጽ አገላለጣቸው ለይቻቸዋለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ጣቱን በምላሱ ያርሳል። የሂሳብ አስተማሪዋ ገጹን የምትገልጠው እንደ ተቈጣ ሰው ነው፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሥጋ ሻጩ በዚያ ግዙፍ እጁ ወረቀቱን የሚያነሣው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት ብርድ ልብስ እንደሚገልጥ ሰው ነው፤ አንዳንዴም እንባው ጋዜጣው ላይ ጠብ ይላል። ምን እያነበበ እንደሚያለቅስ ለማወቅ ከጥርሶቼ አንዱን ብሰጥ አይቈጨኝም። ሆኖም አልጠይቅም። አለመጠየቄም ራሱ ጣዕም አለው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለ ወንድምሽ ነበር። እሱን ለሌላ ጊዜ አቈይቼዋለሁ።

አባትሽ


ኅዳር ፫ ቀን

ለልጄ፣

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ። ረቂቁን ሁለት ጊዜ ቀድቼዋለሁ። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ወንድምሽ ሦስት ጊዜ መጠየቅሽ ግን አስገርሞኛል፤ መደጋገም የጽሑፍ ጕድለት መሆኑን ሳላስተምርሽ አልቀረሁም።

አዎን፣ አይቼዋለሁ። ከሰሞኑ ወደ ማኅበራችን መምጣት ጀምሯል። ማን እንዳመለከተው አላውቅም፤ አንቺን እጠረጥራለሁ። ወይዘሮዋ የማን ልጅ እንደ ሆነ ስለማያውቁ «አዲስ ገቢ» ይሉታል። እንደ ገባ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ መለስሁለት። ከእኔ ትይዩ፣ በመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ደወሉ ተመታ።

እውነቱን ለመናገር አልተከፋሁም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ በአንድ ጣራ ሥር አልተቀመጥንም ነበር። አሁን በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ እንተነፍሳለን፤ እሱም ክፉ አይናገረኝም፣ እኔም አልቈጣውም። ይህ ማኅበር እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ ታስቦ የተመሠረተ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ታርቃችኋል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው መልሴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ዕርቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ወንድምሽ ገጽ አይገልጥም። መጽሐፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ደወሉ ሲመታ ከዚያው ገጽ ላይ ይዘጋዋል። በልጅነቱም ቀርፋፋ አንባቢ ነበር፤ ግን ይህን ያህል? ደግሞ በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። የዘመኑ አለባበስ ይሆናል።

ስለ ሥራው ምን እንደ ሰማሁ ጠይቀሻል። በአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ይዞ መነሻና መድረሻ መጥራት ለአራሚ ልጅ የሚመጥን ሥራ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም። ነገር ግን አሁን የሚጠራው ሌላ ሰው ነው፤ የሚጠራውን ከመካከሉ እየቈረጠ፣ ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድ እስኪጠፋው ድረስ ያበላሸዋል። ወንድምሽ ሌላው ቢቀር ዐረፍተ ነገር ይጨርስ ነበር። ይህን ከየት ዐወቁት እንዳትዪኝ፤ ጋዜጣ የምገዛው ከጣቢያው በር ላይ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 18

አባዬ፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ውጭ አገር የአዛውንቶቹ መጦሪያ ሥራዬ እንደዛው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፤ የራሴን አባት ደግሞ በደብዳቤ አስቸግራለሁ።

ጋዜጣ እኮ ቤትዎ ሥር ካለው ሱቅ ይሸጣል። ጣቢያው ድረስ ምን ይወስድዎታል? እሺ፣ እርስዎ እንደሚሉት፣ አልፌዋለሁ።

አባዬ፣ እሱ ገጽ የማይገልጠው ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም። አያነብም። እርስዎን ነው የሚጠብቀው። እማዬ ያረፈች ሰሞን፣ ያ ሁሉ እንግዳ ተቀምጦ፣ «እናቴ በዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳን ሳትታረም ተናግራ አታውቅም» አለ። በሰው ፊት ማለት አልነበረበትም፤ እኔም ያኔ ተቆጥቼዋለሁ። እርስዎስ ምን አሉት? «እኔ ሳላናግርህ እንዳታናግረኝ።» ይኸው ስድስት ዓመት፣ ጥግ ላይ እንደቆመ ተማሪ ትእዛዝዎን እየፈጸመ ነው። ትልቅ ሰው ሳያናግራችሁ አፋችሁን አትክፈቱ ብለው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። እኔ ወጣ ብዬ ረሳሁት፤ እሱ አልረሳውም።

አንድ ቃል ብቻ ይበሉት። «እንዴት ነህ» ካሉት ይበቃዋል። ሌላ ምንም አይፈልግም። ብቻ ከጥር በፊት ይሁን። ለምን ከጥር በፊት አይበሉኝ፣ ቃል አስገብቶኛል። እግርዎ ላይ እንደወደቅኩ ይቁጠሩት።

ይህን ደብዳቤ ደግሞ እባክዎ አያርሙት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ ፪ ቀን

ለልጄ፣

አላረምሁትም። እጄ ወደ ቀዩ ቀለም ሄዶ ነበር፤ መለስሁት።

የቀን ገደብ ሰጥተሽኛል። ማተሚያ ቤት ሳለሁ እንኳ ሥራ አስኪያጁ ለእኔ ቀን አይቈርጥልኝም ነበር። ከጥር በኋላ ወዴት ሊሄድ ነው? እንደ አንቺ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ መንገዱን የሚደብቀኝ ምን በድዬው ነው? አባቱ የሚከለክለው መሰለው? ባያውቅ ነው እንጂ አልከለክለውም።

ያን ቀን ያልሁትን ቃል በቃል መጻፍሽ አስደንግጦኛል። ብዬዋለሁ፤ አልክድም። እስካሁን ድረስ ትእዛዝ ሆኖ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብሁም ነበር። በእኛ ዘመን መምህሩ ሲረሱት ተማሪው ከጥጉ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያም ሆነ ይህ ጥያቄሽን ችላ አላልሁትም። ባለፈው ቅዳሜ ደወሉ ከመመታቱ በፊት ወይዘሮዋን ገለል አድርጌ፣ «በክፍሉ ውስጥ አንድ ቃል ለመናገር ልዩ ፈቃድ ይሰጣል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለማን ነው የሚናገሩት?» አሉኝ።

«ለአዲሱ ገቢ።»

«ውይ ጋሼ! ሕጉ እኮ እስከ በሩ ነው። ደረጃው ላይ ከፈለጉ ይዝፈኑለት።»

ሥጋ ሻጩ ከኋላችን ሰምቶ ኖሮ፣ «ተዉ እንጂ ጋሼ! እኔ እዚህ የምመጣው ሚስቴ ወሬ የለበትም ብላ ስለማትመጣ ነው። ደረጃው ላይ ከጀመራችሁማ ነገ እሷም እዚህ ናት» አለ። የሂሳብ አስተማሪዋ ደወሉ ሳይመታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ወንድምሽም ከመስኮቱ ሥር ቀና ብሎ ፈገግ ሲል አየሁት። በጣም ከስቷል። ለመንገዱ እያሰበ ምግብ አላምረው ብሎ ይሆናል።

ስለዚህ በደረጃው ላይ አናግረዋለሁ። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የሚነገር ዐረፍተ ነገር በመንገድ ላይ እንደሚወረወር ሰላምታ ሊሆን አይገባውም። «እንዴት ነህ» አይበቃም። እያዘጋጀሁት ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ ፲፮ ቀን

ለልጄ፣

የምትጠብቂው ዜና አይደለም። አልተናገርሁም።

ያዘጋጀሁት ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ያን ቀን የተናገርኸው በማይገባው ቦታ ቢሆንም ሐሰት አልነበረም።» ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደ ከበደኝ አልነግርሽም። እናትሽ በሕይወት ሳለች ልትሰማው የሚገባት ነገር መሆኑን ዐውቃለሁ፤ በዚህ ላይ አትጻፊልኝ።

የማብቂያው ደወል እንደ ተመታ ተከትዬው ወጣሁ። ደረጃውን በቀስታ ወረደ፤ እኔም መደገፊያውን ይዤ ከኋላው። ከታች በሩ ላይ ቆመ። ሻርፑን ፈታ፤ መልሶ ጠመጠመው። እየጠበቀኝ እንደ ሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን «በማይገባው ቦታ» ማለቱ እንደ ወቀሳ ይሰማዋል ብዬ አወጣሁት። ሐረጉ ሲወጣ ደግሞ እንዲሁ የተሸነፍሁ መሰለብኝና መለስሁት። ከዚያ «ልጄ» መጀመሪያ ይምጣ ወይስ መጨረሻ እያልሁ ሳመዛዝን አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈረ። በመስኮቱ አየኝ። እጄን አነሣሁለት፤ ምናልባት ባርኔጣዬን የማቃና መስሎት ይሆናል።

ኀዘን አይግባሽ። ዐረፍተ ነገሩ አሁን ተጠናቋል። እንከን የለውም። በመጪው ቅዳሜ እነግረዋለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 19

አባዬ፣

ቃሌን አፈረስኩ።

ወደ ውጭ አይደለም የሚሄደው። ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ አለበት። ከጥር በፊት ያልኩት ቀዶ ሕክምናው ጥር ላይ ስለነበረ ነው፤ አሁን ሐኪሞቹ በዚህ ወር ይሁን ብለው አመጡት፣ ብሶበታል ማለት ነው። ድምፅ የሚወጣበትን ሁሉ ነው ቆርጠው የሚያወጡት። ከዚያ በኋላ አይናገርም። አባዬ፣ መቼም አይናገርም።

«አዝኖልኝ እንዲያናግረኝ አልፈልግም። ካናገረኝ ስለፈለገ ይሁን» ብሎ አስማለኝ። ጣቢያውን የለቀቀው ለዚህ ነው፤ ሻርፑም ለዚህ ነው። ማኅበሩን የነገርኩት እኔ ነኝ። እዚያ ከተቀመጠ አንድ ቀን ያናግሩታል ብዬ። ድምፁ ሳለ አንዴ ሊሰሙት፣ እሱም ሊመልስልዎ፣ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ጋዜጣ የት እንደሚገዙ ነግሬዋለሁ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፣ «አለሁ» አለኝ። ድምፁ በጣም ሰልሎ ነበር። «የትኛው በር ጋ ነበር የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ በጎረቤት ስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ደብዳቤው ቶሎ ይድረስልኝ እያልኩ ነው የምልከው። ቅዳሜን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ቤቱ ይሂዱ። የሚሉትን አያስቡት፣ ዝም ብለው ይናገሩ።

ልጅዎ


ጥር ፭ ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ያ ቅዳሜ አልፎ ነበር። ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቆየኝ። ዘገየ ብዬ ደወሉ እስኪመታ ድረስ በሩን ሳይ ነበር፤ ያን ቀን አላነበብሁም።

በጎረቤቴ በኩል የላክሽው መልእክትም ደርሶኛል። ምን እንዳልሁት ማወቅ ትፈልጊያለሽ።

የሐኪም ቤቱ የመኝታ ክፍል ብዙ ሰው የተኛበት ነው። የእሱ አልጋ ከግድግዳው ጥግ ነው፤ ከበላዩ ያለው መስኮት መቀርቀሪያው ተሰብሮ በፋሻ ታስሯል። አንገቱ ላይ ቱቦ አለ፤ ሲተነፍስ የሚሰማው ከዚያ ነው። ያ ያረምሁት፣ እንከን የለውም ያልሁሽ ዐረፍተ ነገር በሩ ላይ ስደርስ አብሮኝ ነበር። አልጋው አጠገብ ስደርስ ጠፋ። አንድም ቃል አልቀረልኝም። «እንዴት ነህ?» አልሁት።

ሊመልስ ለማይችል ሰው ጥያቄ አቀረብሁለት፤ ያውም «አይበቃም» ብዬ የጣልሁትን።

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጣቱን አነሣና ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ልክ ወይዘሮዋ ደወሉን መትተው እንደሚያደርጉት። ፊቱ አብጧል፤ ፈገግታ ይሁን ሕመም መለየት አልቻልሁም።

አስታማሚዋ የሚጽፍበት ትንሽ ሰሌዳ አስቀምጣለታለች። ለእሷ «ውኃ» ብሎ ጽፎላታል፤ «መስኮቱ» ብሎ ጽፎላታል። ወደ እጁ ገፋሁለት። ወሰደው፤ ወሰደውና የሰሌዳውን ፊት ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠው። እንዳላርመው ሰግቶ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፌን ከኮቴ ኪስ አወጣሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። የመጠየቂያው ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ እሱ ጣራውን ያያል፤ እኔ መጽሐፉን አያለሁ። በየቀኑ እንዲሁ እናደርጋለን። ሐኪሙ የነገረኝን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።

አንድ ነገር ንገሪኝ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ያ ጣት የማኅበራችን ቀልድ ነበር? ወይስ «አሁንማ አንተም ዝም በል» ማለቱ ነው? እሱን መጠየቅ አልችልም። ፈቃድህ ከሆነ ጻፍልኝ ብዬም አልደፈርሁም።

አባትሽ


መጋቢት ፲፩ ቀን

ልጄ፣

ለመምጣት አለመቻልሽ የአንቺ ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ይቅርታ መጠየቅሽን ተዪ። እዚያም ሆነሽ እዚህ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ሸኝተነዋል። በቀብሩ ሰው በዝቶ ነበር። የጣቢያው ሰዎች ሁሉ መጥተዋል፤ ሾፌሮቹ ከነሥራ ልብሳቸው ቆመው አለቀሱ። በጠዋት ድምፁን ሲሰሙ ቀኑ የተጀመረ ይመስላቸው እንደ ነበር አንዱ ነገረኝ። ጥቂት ቃል እንድናገር ጠየቁኝ። አልተናገርሁም። ኩራት መስሏቸው ይሆናል።

«ቀልድ ነው አባዬ፤ ይቅር ብሎዎታል፤ እኔ አውቀዋለሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብሁት። አንድም ስሕተት የለበትም። በዕድሜሽ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ስንት ጊዜ ቀዳሽው? ስንቱንስ ወረቀት ቀደድሽ? እውነት ስትጽፊ ትቸኩያለሽ፣ ትደጋግሚያለሽ፣ መስመር ትስቻለሽ፤ ሕይወቴን ሙሉ ያረምሁሽ እኔ ነኝ፣ ዐውቀዋለሁ። አንቺም እንደ እኔው አታውቂም። አልተቀየምሁሽም። ደብዳቤውን ከእናትሽ ፎቶግራፍ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ጋዜጣ አሁን የምገዛው ከቤቴ ሥር ነው።

ቅዳሜ ወደ ማኅበሩ እሄዳለሁ። እንዳልቀር ብለሽ ስለ ለመንሽኝ ብቻ አይደለም፤ ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝም ነው። ክፍሉ ያው ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ጣቱን ያርሳል፤ ሥጋ ሻጩ ያለቅሳል። በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ወይዘሮዋም አላነሡትም፤ የማን ልጅ እንደ ነበር ሰው ነግሯቸው ይሆናል። ደወሉን መትተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ሲያደርጉ ዓይኔን ወደ ወለሉ እጥላለሁ። ከዚያ መጽሐፌን እከፍታለሁ። ደወሉ ዳግም ሲመታ ከዚያው ገጽ ላይ እዘጋዋለሁ።

ሥጋ ሻጩ ገጽ እንደማልገልጥ አይቷል። ባለፈው ቅዳሜ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተኝ፤ መልሶም ወደ መጽሐፉ አጎነበሰ። ደረጃውን ስወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ ከታች ስንደርስ ለቀቀኝና ሄደ።

የማኅበራችን ደስታ ይኸው ነው፤ ማንም አይጠይቅም።

አባታችሁ